በባሕር ውሃ ውስጥ ያለውን ሲዚየም-137 ከፖታሲየም ለይቶ ስለ መለካት

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኘው ላቦራቶሪያችን፣ ከጅቡቲ ጠረፍ የመጣልንን የባሕር ውሃ በቀጥታ የጋማ ጨረርን ኃይል በሚለካው ጀርማኒየም መመርመሪያ ላይ ስናስቀምጠው፣ ጨረር አመንጪው ሲዚየም-137 የሚታወቅበት፣ በመለኪያው ሥዕል ላይ በ661.7 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ኃይል መለኪያ) የሚወጣው ጫፍ ጨርሶ አይታይም ነበር። መሣሪያው ጤነኛ ነው። ከኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች ወደ ውቅያኖሶች የወረደው ሲዚየም ዛሬ በላይኛው ውሃ ውስጥ በሊትር ጥቂት ሚሊቤክሬል (የቤክሬል ሺኛ፤ አንድ ቤክሬል በሰከንድ አንድ የአቶም መፍረስ ነው) ብቻ ሲሆን፣ በዚያው ሊትር ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊ ፖታሲየም-40 ግን ወደ 12 ቤክሬል ስለሚደርስ፣ የእርሱ የተበታተነ ጋማ ጨረር ደካማውን ጫፍ ይውጠዋል። የአዲስ አበባ ከፍታም ከጠፈር የሚመጣውን ጨረር ስለሚያበዛው ነገሩን አያቀልልንም።

የቆጠራ ጊዜን ማራዘም ብቻውን ብዙም አይፈይድም፤ መፍትሔው ሲዚየሙን ከጨው መነጠል ነው። 20 ሊትር ውሃ በናይትሪክ አሲድ አሲዳማ ካደረግን በኋላ፣ ጨረር የሌለው የሲዚየም ክሎራይድ መዝነን ጨመርንበት፤ ከዚያም ሲዚየምን መርጦ የሚይዘውን አሞኒየም ፎስፎሞሊብዴት የተባለ ቢጫ ዱቄት አማሰልንበት። ዱቄቱ ሌሊቱን ሲዘቅጥ አብዛኛው ፖታሲየም ከውሃው ጋር ይቀራል። ዝቃጩን አጣርተንና አድርቀን በእርሳስ በተከለለው መመርመሪያ ስንቆጥረው፣ ጫፉ ጎልቶ ወጣ።

ውጤቱን ከመመዝገብ በፊት ሁለት ነገሮች ግድ ናቸው፦ ከጨመርነው የሲዚየም ክሎራይድ ምን ያህሉ በዱቄቱ እንደተያዘ ለክቶ የሲዚየሙን የመያዝ መጠን ማስላትና ዱቄቱ ራሱ ሲዚየም-137 እንደሌለበት ለብቻው ቆጥሮ ማረጋገጥ።