ፎርማት ተደርጎም ፓስወርድ የሚወጣበት ኮምፒውተር፦ ከኪቦርዱ ገመድ ይጀምሩ

«ኮምፒውተሩን ፎርማት አስደርጌዋለሁ፣ አንቲቫይረሱም ምንም የለም ይላል፣ ፓስወርዴን ግን አሁንም ሰው ያውቀዋል» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ማሽኑን ከማብራቴ በፊት እጄን ከጀርባው እሰዳለሁ። ዓይን የሚያልፈውን ጣት ያገኘዋል።

ችግር፦ ፓስወርዱ ቢቀየርም ይታወቃል

ምክንያቱ በኪቦርዱ ገመድና በኮምፒውተሩ መካከል የተሰካ ኪይሎገር፣ ማለትም የሚጫኑትን ቁልፍ የሚመዘግብ ዕቃ፣ ሊሆን ይችላል። መጠኑ ከትንሽ ፍላሽ አይበልጥም፤ ለማያውቀው ተራ አዳፕተር ይመስላል። ኃይሉን ከዩኤስቢው ስለሚወስድ ባትሪ አይፈልግም። የተጫነውን ቁልፍ ሁሉ በራሱ ሚሞሪ መዝግቦ ወደ ኮምፒውተሩ ያሳልፋል፤ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚጻፈው የባዮስ ፓስወርድ እንኳ አያመልጠውም። ሀርድ ዲስኩ ላይ ምንም ስለማይጭን ፎርማት አይነካውም፣ አንቲቫይረስም የሚያገኘው ፋይል የለም። አንድ ቁልፍ አንድ ባይት ቢወስድ 16 ሜጋባይት ሚሞሪ ወደ 16 ሚሊዮን ቁልፍ ይይዛል፤ የአንድ ሒሳብ ሠራተኛ የብዙ ወራት ሥራ ማለት ነው። ያስቀመጠው ሰው ተመልሶ ይነቅለዋል፤ ዋይፋይ ያለው ከሆነ ግን እዚያው አካባቢ ሆኖ ያነበዋል።

መፍትሄው፦ ማሽኑን አጥፍተው ገመዱን ከኪቦርዱ ጀምረው እስከ መሰኪያው ድረስ በጣትዎ ይከተሉ። ገመዱ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ማለቅ አለበት። በመሃል እብጠት፣ ቅጥያ ወይም ያልገዙት የዩኤስቢ ማከፋፈያ ካለ ያ ነው መጠየቅ ያለበት። የቆየ ማሽን ከሆነ ክቡን የፒኤስ ቱ መሰኪያም አይርሱ። ዲቫይስ ማናጀርን (ዊንዶውስ የተሰኩ ዕቃዎችን የሚዘረዝርበትን) ከፍቶ መፈለግ ብዙም አይጠቅምም፤ አብዛኞቹ እዚያ አዲስ ስም ሆነው አይወጡም።

ከውጭ ምንም ካልተገኘ ዕቃው ኪቦርዱ ሆድ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ይህ አዲስ ብልሃት አይደለም። ሶቪየቶች በሞስኮው የአሜሪካ ኤምባሲና በሌኒንግራድ ቆንስላ በነበሩ 16 የአይቢኤም የጽሕፈት መኪናዎች ውስጥ መሣሪያ ደብቀው ሲከታተሉ ቆይተው በ1984 እ.ኤ.አ. የተገኘው በኤክስሬይ ነበር። እኛ ኤክስሬይ የለንም፤ አዲስ ኪቦርድ መግዛት ግን ይቀላል፣ ይረክሳልም።

ችግር፦ ኪቦርዱ ፊደል ይደግማል፣ ይዘላል፣ የድምፅ ቁልፎቹ አይሠሩም

አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው፣ ወይም የፈሰሰ ሻይ። ኪቦርዱን ያለ ምንም ቅጥያ ሌላ ማሽን ላይ ይሰኩት፤ እዚያ ደህና ከሠራ ጥፋቱ በመሃል ባለው ነገር ወይም በመሰኪያው ነው።

ችግር፦ ሳይሰኩት የማያውቁት ፍላሽ ብቅ ይላል

አንዳንድ ኪይሎገር የተወሰኑ ሦስት ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ራሱን እንደ ፍላሽ ይከፍታል። በአጋጣሚ ነክተዋቸው ይሆናል። መጻፍ አቁመው ገመዱን ይፈትሹ።

ችግር፦ ኪቦርዱ ገመድ የለውም፣ ግን እጠረጥራለሁ

የኮምፒውተር ደኅንነት ተመራማሪው ሳሚ ካምካር በ2015 እ.ኤ.አ. የስልክ ቻርጀር የሚመስል ዕቃ ሠርቶ የማይክሮሶፍት ገመድ አልባ ኪቦርዶች የሚልኩትን ከአየር ላይ መያዝ እንደሚቻል አሳይቷል። ለባንክ ሥራ ባለ ገመዱን ይጠቀሙ።

ችግር፦ ኢንተርኔት ቤት ከገባሁ በኋላ ኢሜይሌ ተከፈተ

በእንግሊዝ ቼሻየር፣ በዊልምስሎና በሃንድፎርዝ ቤተ መጻሕፍት የሕዝብ ኮምፒውተሮች ጀርባ የተሰካ ኪይሎገር በ2011 እ.ኤ.አ. ተገኝቷል። ማንም የሚቀመጥበት ማሽን ማንም የሚሰካበትም ነው። ስክሪን ላይ በማውስ የሚጫን ኪቦርድ ገመዱ ላይ ያለውን ያታልላል፤ ውስጥ የተጫነ የስለላ ሶፍትዌርን ግን አያታልልም። «እኔ ፓስወርዴን በአማርኛ ነው የምጽፈው» ብሎ የሚጽናና ካለ፦ ኪይሎገሩ የሚያየው ጣትዎ የተጫነውን ነው። ሰላም ለመጻፍ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ከተጫኑ የሚመዘገበው እሱ ነው፤ ወደ ግዕዝ ፊደል የሚቀይረው ሶፍትዌር ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ዕቃው ከተገኘ

በንዴት ነቅለው አይጣሉት። መጀመሪያ እንደተሰካ ፎቶ ያንሱት፣ ቀኑን ይጻፉ። ፓስወርድ የሚቀይሩት ከዚያ ኮምፒውተር ሳይሆን ከስልክዎ ነው፤ ከኢሜይል ይጀምሩ፣ የሌላው ሁሉ ፓስወርድ በእሱ በኩል ይቀየራልና። አካውንትዎ ከተከፈተባቸው ማሽኖች ሁሉ ሎግ አውት ያድርጉ፣ ከፓስወርዱ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን የሁለት ደረጃ ማረጋገጫንም ያብሩ። መሥሪያ ቤት ከሆነ ለኃላፊው በጽሑፍ ያሳውቁ። አሠሪ ሠራተኛው አውቆት የሥራ ማሽኑን መከታተሉ አንድ ነገር ነው፤ ተደብቆ የሰው ፓስወርድ መልቀም ግን ሌላ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሕገ ወጥ ጠለፋን በወንጀልነት ይቀጣል፣ ስለዚህ ፎቶውና ዕቃው ለፖሊስ ማስረጃ ናቸው።

ከጸዳ በኋላ እኔ የማደርገው ቀላል ነው፦ የኪቦርዱ መሰኪያ ከማሽኑ ጋር የሚገናኝበት ላይ ቀጭን ወረቀት ለጥፌ ባለቤቱን አስፈርምበታለሁ። ጠዋት ሲገባ ፊርማው ተቀዶ ካገኘው ኮምፒውተሩን ሳያበራ ይደውልልኛል።