የውጭ በር ከታች ነው የሚበሰብሰው

ሱሉልታ ቤት ሠርቼ ስገባ የፊት በሬ የዋንዛ ነበር። በቫርኒሽ ያብረቀርቃል። በሁለተኛው ክረምት አብጦ በትከሻ ካልገፉት አልከፈት አለ። አውርደን ስናየው የታችኛው ጠርዝ ቫርኒሽ የሚባል ነገር አልነካውም። ማን ጎንበስ ብሎ ያየዋል ተብሎ ነው መሰለኝ።

እንጨት ውሃ በብዛት የሚጠጣው በፊቱ ሳይሆን በተቆረጠው ጫፉ ነው። ዛፉ ውሃ ይስብባቸው የነበሩ ቀጫጭን ቱቦዎች እዚያ አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። የበሩ ቋሚ እንጨቶች አንዱ ጫፍ ደግሞ ታች ነው፤ ዝናብ መሬት ነጥሮ የሚረጨው እዚያ ነው።

ክረምቱ እንደወጣ ቫርኒሽ ለመቀባት አትቸኩሉ። እርጥብ እንጨት ላይ ከቀባችሁ እርጥበቱ ታፍኖ ቫርኒሹን ይልጠዋል። እኔ ኅዳርን እመርጣለሁ። ጠዋት ጤዛ አለ፣ ስለዚህ ከ4 ሰዓት በፊት አትጀምሩ፤ 8 ሰዓት ላይ ጨርሱ።

ለውጭ የተሠራ ቫርኒሽ ግዙ። ለቤት ዕቃ የተሠራው ቫርኒሽ ውጭ ሲሆን ደርቆ ይሰነጠቃል። ድሮ ለመርከብ ምሰሶ የወጣው ዓይነት ግን እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር አብሮ ይለጠጣል። የፀሐይ ጨረር መከላከያ ያለው ይሁን። ባሕር ባይኖረንም ከ2,500 ሜትር በላይ ያለ ፀሐይ አይምርም።

በሩን ከማጠፊያው አውርዳችሁ ጥላ ውስጥ አጋድሙት። የተላጠውን ፍቁ። በብርጭቆ ወረቀት መጀመሪያ በ80 ቁጥር፣ ከዚያ በ120 ሞርዱት፤ ሁልጊዜ የእንጨቱን መስመር ተከትላችሁ። አቋርጣችሁ ከሞረዳችሁ ጭረቱ ከቫርኒሹ ሥር ፍንትው ብሎ ይታያል። አቧራውን አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) በነካ ጨርቅ ጥረጉ።

የመጀመሪያውን ቅብ በአኳራጅ እኩል በእኩል አቅጥኑት፤ ውስጥ ድረስ እንዲሰርግ ነው። ከጫፎቹ ጀምሩ። ጫፉ ጠጥቶ ሲጨርስ ድገሙት፣ መጠጣቱን እስኪያቆም። ቆርቆሮውን አትነቅንቁ፣ በእንጨት ቀስ ብላችሁ አማስሉ፤ አለበለዚያ አረፋ ይሠራል።

በየቅቡ መሃል አንድ ቀን አድርቁ፣ በ220 ቁጥር ለስለስ አድርጋችሁ ሞርዱ፣ ጥረጉ። ሁለት ቅብ በቂ ነው የሚላችሁን አትስሙ። ለውጭ ቢያንስ አምስት ያስፈልጋል።

መቃኑና ግድግዳው የሚገናኙበትን ስንጥቅ በሲሊኮን ድፈኑ፣ ግን መጨረሻ ላይ። ሲሊኮን የነካው ቦታ ቫርኒሽ አይዝም።

በቫርኒሽም ሆነ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉ። ሲደርቅ ይሞቃል፤ ክምር ከሆነ ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ሞረድ ሞረድ አድርጎ አንድ ቅብ መጨመር ነው። የኔ በር አሁን በአንድ ጣት ይከፈታል።