በመዝናኛ መርከብ ላይ የአይሁድ በዓላትን እንዴት ማክበር ይቻላል

በባሕር ላይ እየተጓዙ በዓል ማክበር በአይሁድ ዘንድ ጥንታዊ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ የተሰባሰበው የአይሁድ የቃል ሕግ መጽሐፍ ሚሽና፣ ረባን ገማልያል ከሌሎች ሦስት ሊቃውንት ጋር በመርከብ ሲጓዝ ሰንበት እንደደረሰባቸው ይተርካል። እርሱና ረቢ አልዓዛር በመርከቡ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ፣ ረቢ ኢያሱና ረቢ አኪቫ ግን በሰንበት ርቆ መሄድን የሚገድበውን ሕግ በራሳቸው ላይ ለማጥበቅ ሲሉ ከአራት ክንድ አልፈው አልተንቀሳቀሱም። የዛሬው መርከብ ብዙ ሺህ ሰው የሚይዝና በሩ በካርድ የሚከፈት ተንሳፋፊ ሆቴል ቢሆንም፣ ተጓዡ የሚጠይቀው አሁንም ያንኑ ነው፦ በዓሉ መቼ ይገባል፣ ምን ይበላል፣ እስከ የት መሄድ ይፈቀዳል? መልሱ እንደየሰው ጥብቅነትና ወግ ስለሚለያይ፣ አጠራጣሪውን ነገር ከጉዞው በፊት ቄስዎን ወይም ረቢዎን ይጠይቁ። ከዚህ በታች የተጻፈው አብዛኛው ሥራ መርከቡ ላይ ከመሳፈርዎ በፊት መጠናቀቅ ያለበት ነው።

1. ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ቀኑን ያገናዝቡ

የአይሁድ በዓላት ወራቸው በጨረቃ ስለሚቆጠር በፈረንጆች አቆጣጠር ቀናቸው በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ሁሉም የሚገቡት በዋዜማው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ለምሳሌ የቤተ እስራኤል አባቶች ብርሃን ሠረቀ የሚሉት የአዲስ ዓመት በዓል ሮሽ ሀሻና በ2026 የሚገባው ዓርብ ሴፕቴምበር 11 ማታ ሲሆን፣ ዕለቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ2019 እንቁጣጣሽ ነው። የሥርየት ጾም የሆነው አስተስርዮ፣ ማለትም ዮም ኪፑር፣ ሴፕቴምበር 20 ማታ ይገባል። የ2027 የአይሁድ ፋሲካ (ፔሳሕ) ደግሞ ረቡዕ ኤፕሪል 21 ማታ ይጀምራል።

ቀጥሎ የሚታየው መርከቡ የሚነሳበት ዕለት ነው። ሚሽናን የሚያብራራው ታልሙድ ሰንበት ሊገባ ከሦስት ቀን ያነሰ ጊዜ ሲቀር በመርከብ ጉዞ መጀመርን ይከለክላል፤ ለተቀደሰ ጉዳይ የሚደረግ ጉዞ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የባሕር ሕመም የሚበረታባቸው በመሆናቸው የሰንበትን ደስታ ይነሳሉ የሚል ነው፤ በማዕበል ውስጥ ያደረ ሰው ይህን ምክንያት ለመረዳት አይቸገርም። እሑድ ወይም ሰኞ የሚነሳ ጉዞ ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል። ከፍሎሪዳ ወደ ካሪቢያን የሚሄዱ ብዙ የሰባት ሌሊት ጉዞዎች ቅዳሜ ወይም እሑድ ይነሳሉ፤ ቅዳሜ የሚነሳው የሚመለሰውም ቅዳሜ ስለሆነ መነሻውም መድረሻውም ሰንበት ላይ ይወድቃል።

የመርከቡንም የመንገድ ዝርዝር ይመልከቱ። በዓሉ የሚውልበት ዕለት መርከቡ ወደብ ሳይነካ በባሕር ላይ የሚውልበት ቢሆን ይመረጣል። ወደብ ላይ ከዋለ ሌላው ሰው ሁሉ ሲወርድ እርስዎ ብቻዎን ይቀራሉ፤ ለልጆች ደግሞ ይህ ከባድ ነው።

2. ፀሐይ የምትጠልቅበትን ሰዓት ይወቁ

ብዙ ተጓዥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቤት ውስጥ የሻማ ማብሪያው ሰዓት በምኵራቡ ሰሌዳ ወይም በስልክ ላይ ይገኛል፤ በብዙ ቦታ ልማዱም ፀሐይ ከመጥለቋ 18 ደቂቃ በፊት ማብራት ነው። መርከብ ግን ይንቀሳቀሳል። መሬት በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ ወደ ምዕራብ በተጓዙ ቁጥር እያንዳንዱ ዲግሪ የፀሐይን መጥለቅ አራት ደቂቃ ያዘገየዋል። ከሃይፋ ተነስቶ ቀርጤስ የደረሰ ሰው ወደ ምዕራብ 10 ዲግሪ ያህል ሄዷል፤ እስራኤልና ግሪክ በመከር ወራት አንድ ዓይነት ሰዓት ስለሚቆጥሩ የእጅ ሰዓቱን ሳይነካ ፀሐይ 40 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ትጠልቅበታለች። ወደ ምሥራቅ ሲመለስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አደጋው ያለው ይኸኛው ላይ ነው፤ የቀርጤስን ሰዓት ይዞ የሚጠብቅ ሰው በዓሉ ገብቶ ሳለ ገና ዋዜማ መስሎት ሊሠራ ይችላል።

ስለዚህ ከጉዞው በፊት በመንገዱ ላይ ያሉትን ወደቦች የመጥለቂያ ሰዓት በወረቀት ያትሙ፤ ኢንተርኔቱ ባሕር መካከል ሊቋረጥ ይችላልና። መርከቡ ላይ በየቀኑ የሚታደለው የፕሮግራም ወረቀት ብዙ ጊዜ የፀሐይ መውጫና መጥለቂያን ይጽፋል፤ ካልጻፈ የእንግዳ መቀበያው ከመርከቡ መሪዎች ጠይቆ ሊነግርዎ ይችላል። መርከቡ ከአገሩ ሰዓት የተለየ የራሱን ሰዓት ሊጠብቅ ስለሚችል፣ የተነገረዎት በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ያረጋግጡ። ሌሊቱን ከፀሐይ መጥለቅ፣ ቀኑን ከንጋት መቁጠር የለመደ ኢትዮጵያዊ በዚህ ረገድ ከሌላው ተጓዥ ይቀልለዋል፤ የጸሎት ሰዓቶችም የሚሰሉት እንዲሁ ከፀሐይ ነው።

ወደ ሰሜን የሚሄዱ ጉዞዎች ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በአላስካዋ ጁኖ በጁን ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ በሰሜን ኖርዌይ ደግሞ በዚያው ወር ጨርሶ የማትጠልቅበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የሚከተለውን ሥርዓት አስቀድሞ ከአዋቂ መቀበል አለበት። ፓስፊክን አቋርጦ የቀን መለወጫ መስመርን የሚያልፍ ተጓዥም ቀኑ ራሱ ያከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1941 ከአውሮፓ ሸሽተው በጃፓን ኮቤ የተጠለሉ ሚር የተባለው የሺቫ (የሃይማኖት ትምህርት ቤት) ተማሪዎች ዮም ኪፑርን የትኛው ቀን እንደሚጾሙ ጠይቀው ነበር፤ በኢየሩሳሌም የተሰበሰቡት ረቢዎች ረቡዕ ሲሉ፣ ሐዞን ኢሽ በሚል ስም የሚታወቁት ሊቅ ሐሙስ ብለዋል።

3. ምግቡን አስቀድመው ይዘዙ

ከሃይፋ ለእስራኤላውያን ከሚዘጋጁ ጉዞዎች መካከል ኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ የምግብ ሕግ የሚሠራ፣ ማእድ ቤት ያላቸው አሉ። በሌሎች መርከቦች ግን የሚያገኙት በታወቀ ተቆጣጣሪ ማኅተም ታሽጎ የመጣ የቀዘቀዘ ምግብ ነው፤ ይህም ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በፊት መታዘዝ አለበት። ትእዛዙ መመዝገቡን በጽሑፍ ይያዙ፤ በተሳፈሩበት ዕለትም ከምግብ አዳራሹ ኃላፊ ጋር ተገናኝተው ምግቡ በእርግጥ መጫኑን ይጠይቁ። ምግቡ በመርከቡ ምድጃ ሲሞቅ ሁለት መጠቅለያው ሳይከፈት መሆን አለበት፤ ለእርስዎም እንደታሸገ ቀርቦ እርስዎ ይክፈቱት። አስተናጋጁ ለማገዝ ብሎ በሳህን ገልብጦ ቢያመጣው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

በምግብ ዝርዝሩ ላይ የአይሁድ ባህል ምግብ ተብሎ የተጻፈ ሾርባ ወይም ዓሣ ኮሸር መሆኑን አያመለክትም፤ ብዙ ጊዜ ከሌላው ምግብ ጋር በአንድ ድስትና በአንድ ቢላዋ የተሠራ ነው። ያልተቆራረጠ ፍራፍሬ፣ የታሸገ ዓሣና የወረቀት ሳህን ከእጅዎ አይለዩ። ቆሎ ለመንገድ የተመቸ ስንቅ ነው፤ ገብስ ስላለበት ግን እርሾ ያለበት ነገር በሚከለከልበት በፋሲካ ከቤት እንኳ መውጣት አለበት። የኤሌክትሪክ ምድጃና የውኃ ማፍያ መርከቦች አያስገቡም፤ ሲፈተሽ ይያዝብዎታል።

4. ካቢንዎን ለሰንበትና ለበዓል ያዘጋጁ

ሻማ በካቢን ውስጥ በማንኛውም መርከብ የተከለከለ ነው ብለው ይነሱ፤ በባሕር ላይ ከእሳት የከፋ አደጋ የለምና ይህን ሕግ በድብቅ መጣስ አይገባም። አንዳንድ መርከቦች በጋራ አዳራሽ በሠራተኛ ጥበቃ ሥር ማብራት ይፈቅዳሉ። ያ ከሌለ ብዙ ረቢዎች በባትሪ የሚሠራ መብራት እንዲበራ ይፈቅዳሉ። ለመብራቱ በዓል ለሐኑካም ይህንኑ የሚፈቅዱ አሉ።

የበሩ የካርድ ቁልፍ በሰንበትና በበዓል መነካት በሌለበት በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ከዋዜማው በፊት የካቢኑን አስተናጋጅ ማነጋገር ያስፈልጋል፤ ምን ማለት እንደሚፈቀድ ረቢዎ ይነግርዎታል። የበሩን መቆለፊያ በፕላስተር መለጠፍ የእሳት ጥበቃን ስለሚያፈርስ አያድርጉት። በብዙ ካቢን መብራቱ የሚሠራው መግቢያው ላይ ባለው ማስገቢያ ካርድ ሲሰካ ነው፤ በዓሉ ከመግባቱ በፊት አንድ ትርፍ ካርድ ሰክተው ይተዉትና የመታጠቢያ ቤቱን መብራት እንደበራ ይተዉ። አሳንሰር ላለመጠቀም ከምግብ አዳራሹ አንድ ወይም ሁለት ወለል ብቻ የሚርቅ ካቢን ሲያስይዙ ይምረጡ፤ አረጋውያን ወላጆች አብረው ካሉ ይህ ከሁሉ ይበልጣል።

በሰንበት በመርከቡ ውስጥ ሲዱር (የጸሎት መጽሐፍ) ወይም የልጅ ልብስ ይዞ መንቀሳቀስ በአብዛኛው ይፈቀዳል፤ መርከቡ ዙሪያውን በግድግዳ የታጠረ እንደ አንድ ግቢ ይቆጠራልና።

5. የጸሎት ቦታና ሰው ይፈልጉ

ሚንያን፣ ማለትም የጋራ ጸሎት ጉባኤ፣ ለመሙላት አሥር ሰው ያስፈልጋል፤ አንዳንድ መርከቦች ዓርብ ማታ ለጸሎት አዳራሽ ይመድባሉ፣ በታላላቅ በዓላትም ረቢ የሚያሳፍሩ አሉ። ካልተመደበ በመጀመሪያው ቀን መቀበያውን ጠይቀው በፕሮግራሙ ላይ እንዲወጣ ያድርጉ። ፊትን ወደ ኢየሩሳሌም ማዞር ሥርዓት ቢሆንም መርከቡ አቅጣጫውን ይለዋውጣል፤ ሚሽናው በመርከብ ላይ ያለ ሰው ልቡን ወደ ቅድስተ ቅዱሳን እንዲያቀና ይበቃዋል ይላል። ኖቬምበር 9 ቀን 2026 ለሚውለው የተራራ ላይ ጸሎት በዓል ለሰግድ በባሕር ላይ የሚገኝ የቤተ እስራኤል ልጅ ተራራ ባያገኝ የመርከቡን የላይኛ ወለል ሊወጣ ይችላል፤ በዚያ ሰዓት መዋኛው ዳር ሙዚቃ ከሌለ።

6. ለየበዓሉ የሚያስፈልገውን ይያዙ

ፋሲካ ከሁሉም በላይ ዝግጅት ይጠይቃል። የተለመደው የኮሸር ማኅተም ለፋሲካ አይበቃም፤ ለፋሲካ የተፈቀደ መሆኑ በግልጽ የተጻፈበት ምግብ መታዘዝ አለበት። ያልቦካውን ቂጣ በጠንካራ ሳጥን ይያዙ፤ ለሴደር (ለፋሲካ ሌሊት ሥርዓተ ማዕድ) ያልተሰበረ ቂጣ ስለሚያስፈልግ በሻንጣ ውስጥ ተደቅቆ ቢደርስ አይጠቅምም። እያንዳንዱ ሰው አራት ጽዋ ይጠጣል፤ የአንዱ ጽዋ ዝቅተኛ ልክ 86 ሚሊ ሊትር ከተባለ፣ አንድ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለሁለት ሰው ለአንድ ሌሊት ብቻ ይሆናል። መርከቦች የሚያስገቡትን ወይን ስለሚወስኑ ለትልቅ ቤተሰብ የወይን ጭማቂን አስቀድሞ ማሰብ ያሻል። እርሾ ያለበትን የቤትዎን ዕቃ ሽያጭ ከመነሳትዎ በፊት በረቢ በኩል ይጨርሱ፤ በዋዜማው ሌሊት ካቢኑን በእጅ ባትሪ ይፈትሹ፤ በማቀዝቀዣው ውስጥ ያለውን ቢራና ብስኩት አስተናጋጁ እንዲያወጣ ይጠይቁ። ከእስራኤል ውጭ የሚኖሩ ስምንት ቀን፣ በእስራኤል የሚኖሩ ሰባት ቀን ስለሚያከብሩ፣ እስራኤላዊ ሆነው ከአሜሪካ አይሁድ ጋር የሚጓዙ ከሆነ በስምንተኛው ቀን ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው ይጠይቁ። በ2027 ደግሞ ሁለተኛውን ቀን የሚያከብሩ ሰዎች ሐሙስና ዓርብ በዓል፣ ቅዳሜ ሰንበት ስለሚሆንባቸው ሦስት ቀን በተከታታይ ያርፋሉ።

ለሮሽ ሀሻና ባሕር የተመቸ ስፍራ ነው፤ ኃጢአትን ወደ ውኃ የመጣል ሥርዓት የሆነው ታሽሊክ በመርከቡ ጠርዝ ሊፈጸም ይችላል። ጸሎቱን ብቻ ያድርሱ፤ ዳቦም ሆነ ሌላ ነገር ከመርከብ ወደ ባሕር መጣል ክልክል ነው። በ2026 የመጀመሪያው ቀን ሰንበት ስለሆነ ሾፋር (የቀንድ መለከት) የሚነፋው፣ በብዙዎች ልማድም ታሽሊክ የሚደረገው፣ እሑድ ነው። ሾፋሩን ከመንፋትዎ በፊት የመርከቡ ሠራተኞች ይወቁ፤ ያልተጠበቀ መለከት እንደ አደጋ ጥሪ ሊታሰብ ይችላል።

በአስተስርዮ የሚያሳስበው የባሕር ሕመም ነው፤ መድኃኒቱን ከጾሙ በፊት ስለመውሰድ ሐኪም ያማክሩ፤ የታመመ ሰው ግን ስለ ጾሙ በዚያው ዕለት ሳይሆን ከጉዞው በፊት ይጠይቅ።

ለበዓለ መጸለት፣ ማለትም ለዳስ በዓል (ሱኮት)፣ በመርከብ ላይ የተሠራ ዳስ በሚሽና የተፈቀደ ነው። ረቢ አኪቫ በመርከቡ ግንባር ላይ ዳስ ሠርቶ በማግስቱ ነፋስ ቢነቅለው፣ ረባን ገማልያል «አኪቫ ሆይ፣ ዳስህ የት አለ?» ብሎታል። የዘመኑ ኩባንያዎች ዳስ እንዲተከል እምብዛም ስለማይፈቅዱ አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። በዚህ በዓል የሚያዙት ሉላቭ (የዘንባባ ቅርንጫፍ)ና ትርንጎ ግን ለብዙ ሰው አንድ ይበቃል፤ ረባን ገማልያል በመርከብ ላይ በሺህ ዙዝ (የጥንት የብር ገንዘብ) የገዛውን ብቸኛ ሉላቭ ለባልንጀሮቹ በስጦታ እያቀባበለ ሁሉም ግዴታቸውን ፈጽመዋል። በወደብ የእርሻ ቁጥጥር ስለሚኖር ግን እነዚህን ይዘው አይውረዱ።

7. በበዓል ቀን ወደብ ከደረሱ

በሰንበትና በበዓል ከሰፈር ርቆ መሄድ የሚፈቀድበት ወሰን 2,000 ክንድ፣ ማለትም አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የረባን ገማልያል መርከብ አንድ ጊዜ ወደብ የገባው ከጨለመ በኋላ ነበር፤ እርሱ ግን ሳይጨልም ወሰኑ ውስጥ መግባታቸውን ርቀት በሚለካበት ቧንቧ ተመልክቶ ስለነበር መውረድን ፈቀደ። ዛሬ ከመርከብ ሲወጡና ሲገቡ ካርድ በማሽን መነበቡ ሌላ ችግር ስለሚጨምር፣ በእኔ ግምት ዕለቱን መርከቡ ላይ ማሳለፍ የተሻለ ነው። ሰው ሲወርድ መርከቡ ጸጥ ስለሚል ለጸሎትም ለእንቅልፍም ከዚያ የተመቸ ሰዓት አይገኝም።

ጉዞው ሲያበቃ፣ ባሕር አቋርጠው በደኅና የደረሱ ሰዎች በመዝሙር 107 ላይ የተመሠረተውን የሃጎሜል ምስጋና በአሥር ሰው ፊት ያቀርባሉ። ከሦስት ቀን ባይዘገይ ይመረጣል፤ መርከቡ እሑድ ከደረሰ፣ ኦሪት የሚነበብበት የሰኞ ማለዳ ጸሎት ተስማሚው ጊዜ ነው።