የበረራ ሰዓትን ከትኬት ላይ ሲያሰሉ

ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ዱባይ ያለው ርቀት በቀጥተኛ የአየር መስመር ሲለካ ወደ 2,500 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በረራው አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ይሁን እንጂ ትኬት ላይ የሚሰፍረው የመነሻም ሆነ የመድረሻ ሰዓት የየከተማው የራሱ ሰዓት በመሆኑና ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ስለምትቀድም፣ በ10:00 ተነስቶ በ15:00 የሚያርፍ አውሮፕላን አምስት ሰዓት የሚበር ይመስላል፤ በመልሱ ጉዞ ደግሞ ያው መንገድ ወደ ሦስት ሰዓት ያጠረ መስሎ ይታያል። ትኬቱ ላይ ያለው 10:00 በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አራት ሰዓት መሆኑንም ለሸኚዎች አስቀድሞ መንገር ይበጃል (ከአሥር ሰዓት ጋር የሚያምታታው ብዙ ነው)። ከፒያሳ የሚነሳ መንገደኛ የመስቀል አደባባይን መጨናነቅ በሒሳቡ ያስገባ።