ፓስታው ሲላሽቅ፣ ዝኩኒው ሲሟሟ፦ የጣሊያን አትክልት ምግብ ችግርና መፍትሄ

የጣሊያን የቤት ምግብ የሚፈልገው ነገር ጥቂት ነው። ፓስታ፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ከዚያ ደግሞ ከገበያ የተገኘው አትክልት። በቃ። በርበሬ የለ፣ ኮረሪማ የለ፣ ጉድለቱን የሚሸፍንለት ቅመም የለም። ስለዚህ አንዱ ነገር ከተበላሸ ገና በመጀመሪያው ጉርሻ ይታወቃል። ደግነቱ የሚበላሽባቸው መንገዶችም ብዙ አይደሉም። እኔ እስከማየው አብዛኛው ጥፋት ከውሃ ይመጣል፤ ወይ በዝቷል፣ ወይ አንሷል፣ ወይ ጨው የለውም፣ ወይ መድፋት ሳይገባው ተደፍቷል።

ፓስታው ከውጭ ላሽቋል፣ ከውስጥ ግን ጥሬ ነው

አዲስ አበባ ከሆናችሁ መጀመሪያ ከፍታውን አስቡ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ግን ውሃ በ100 ዲግሪ ገደማ ለሚፈላበት ቦታ የተለካ ነው። «9 ደቂቃ» ስለተባለ በ9 ደቂቃ ብታወጡት መሃሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እሳት መጨመርም አይጠቅምም። ውሃው ይበልጥ ይንተከተካል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ከዱባይ ወይም ከጅዳ የተመለሰ ሰው «ፓስታ መቀቀል ጠፋኝ እንዴ?» ቢል አይፈረድበትም። እጁ ያው ነው፤ ውሃው ነው የተለየው።

መፍትሄው ሰዓቱን ትቶ ጥርስን ማመን ነው። ፓኬቱ ያለው ደቂቃ ሲደርስ አንድ ፍሬ አውጡና ንከሱት። መሃሉ ላይ መርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ ካለች ቀርቶታል። በየደቂቃው ደግማችሁ ቅመሱ። ነጥቧ ልትጠፋ ስትል፣ ጥርስ ላይ ትንሽ ጠንከር ሲል፣ ጣሊያኖቹ አል ዴንቴ የሚሉት ደረጃ ላይ ደርሷል።

ከውጭ የሚላሽቀው ደግሞ ድስቱ ጠቦ ውሃው ሲያንስ ነው። ፓስታው ሲገባ ፍላቱ ይጠፋል፤ እስኪመለስ ድረስ ፓስታው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ጣሊያኖች የሚከተሉት ልክ ቀላል ነው፦ ለ100 ግራም ፓስታ 1 ሊትር ውሃ፣ 10 ግራም ጨው። ግማሽ ኪሎ ፓኬት ሙሉውን ከሆነ 5 ሊትር ማለት ነው። ትልቅ ድስት ከሌለ በሁለት ዙር ቀቅሉ። ፓስታው እንደገባ ውሃው መልሶ እስኪፈላ ክደኑት፣ ከዚያ ክፈቱት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች በማማሰያ አንቀሳቅሱ፤ የሚጣበቀው ያኔ ነውና።

ጨው ፓስታው ከመግባቱ በፊት ይጨመር። በኋላ ከላይ የሚነሰነስ ጨው ውስጡ አይገባም። ዘይት ግን ውሃው ውስጥ አትጨምሩ። ከላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ ሲጠለል ፓስታውን ይቀባውና ሱጎው እንዳይዝ ያደርገዋል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ከላሸቀ ፓኬቱን አንብቡ። ጥሩ ደረቅ ፓስታ የሚሠራው ዱረም ከሚባለው ጠንካራ የስንዴ ዓይነት ነው። ጣሊያን ውስጥ ይህ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተደነገገ ነው። ከተራ ዱቄት የተሠራው ውሃውን ወተት አስመስሎ ቶሎ ይፈርሳል። እሱ ከገጠማችሁ ቀደም ብላችሁ አውጡት።

ሱጎው ፓስታው ላይ አይዝም፣ ሳህኑ ሥር ውሃ ይቋጥራል

ይህ በብዙ ቤት የማየው ችግር ነው። ፓስታው ተጠልሎ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ ሱጎው ለብቻው ይሠራል፤ ሁለቱ የሚገናኙት ሳህን ላይ ነው። ሲታጠብ ሱጎን የሚይዝለት ስታርች አብሮ ይሄዳል። የተቀቀለበት ውሃም ተደፍቷል። ከሱጎው እኩል የሚያስፈልገው እሱ ነበር!

እንዲህ አድርጉ። ፓስታውን ከማጥለላችሁ በፊት ከውሃው አንድ ብርጭቆ ቀድታችሁ አስቀምጡ። ፓስታው ሊበስል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አውጥታችሁ ሱጎው ያለበት መጥበሻ ውስጥ ጨምሩት። ከተቀመጠው ውሃ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጣል አድርጉና እሳቱን ከፍ አድርጋችሁ አገላብጡ። መጥበሻውን ልብ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ ዘይቱ ለብቻው ክብ ክብ ሠርቶ ይንሳፈፋል። ግማሽ ደቂቃ እንደተማሰለ ክቦቹ ይጠፋሉ። ሱጎው ወፈር ይላል፣ ያብረቀርቃል። ማማሰያውን መጥበሻው ሥር ጎተት ብታደርጉት መንገዱ ለአፍታ ባዶ ሆኖ ይታያል። ያኔ አውርዱ። ከደረቀ ያንኑ ውሃ ጠብ አድርጉበት እንጂ የቧንቧ ውሃ አትጨምሩ።

ሱጎው ይኮመጥጣል

ቲማቲሙ ጥሬ ነው። ገበያ የሚደርሰው ቲማቲም ብዙ ጊዜ በመንገድ እንዳይፈርጥ ሳይበስል የተለቀመ ነው። ገዝታችሁ እንደገባችሁ ፍሪጅ ውስጥ አትክተቱት። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ፤ ቀልቶ ሲለሰልስ፣ ግንዱ ጋ ሲሸት ደርሷል።

ሁለተኛው ምክንያት የወጥ እጃችን ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላልተን፣ አጥቁረን፣ ውሃ ጠብ እያደረግን መሥራት ለምደናል። ለዶሮ ወጥ ተወዳዳሪ የለውም። ለሱጎ ግን አይሆንም። ሱጎ ላይ ሽንኩርቱ ገና ከመነሻው ከዘይትና ከቁንጥር ጨው ጋር በዝግታ እሳት 10 ወይም 15 ደቂቃ ይቆያል፤ ብርሃን እስኪያሳልፍ እንጂ እስኪቀላ አይደለም። መጠኑም ትንሽ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ቲማቲም አንድ መካከለኛ ራስ ይበቃል። ከሽንኩርቱ ጋር አንድ ካሮት ፈቅፍቃችሁ ብትጨምሩ ጣፋጭነቱ ኮምጣጣውን ይመታዋል። ከስኳር ይልቅ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ከዚያ ሳትከድኑ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አብስሉ። ክዳን ካለ ውሃው ተመልሶ ይወርዳል። ዘይቱ በዳር በዳሩ መለየት ሲጀምር በስሏል። የቲማቲም ድልህ የምትጨምሩ ከሆነ ቲማቲሙ ከመግባቱ በፊት ዘይቱ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ጥበሱት፤ የቆርቆሮ ጣዕሙ ይለቀዋል።

ነጭ ሽንኩርቱ መረረ

የጋለ ዘይት ላይ ተጥሏል። ቀዝቃዛ ዘይት ላይ አድርጋችሁ አብራችሁ አሙቁት። ዳሩ ወርቃማ መሆን ሲጀምር ወዲያው ቲማቲም ወይም ትንሽ ውሃ ይግባበት። አንዴ ካረረ ግን መድኃኒት የለውም። ከነዘይቱ ደፍታችሁ እንደገና ጀምሩ፤ ለጥቂት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ብላችሁ ሙሉ ድስት አታበላሹ።

ዝኩኒው ውሃ ለቆ ተንኮታኮተ

ዝኩኒ 95 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ትልቅና ወፍራም ሲሆን ይብሳል፤ መሃሉ ፍሬና ውሃ ብቻ ነው። ከስንዝር የማይበልጠውን፣ ጠንከር ያለውን ምረጡ። በቀጭኑ አትክተፉት፤ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሰፊ መጥበሻ በደንብ ይጋል። ዝኩኒው ሳይደራረብ አንድ ንጣፍ ብቻ ይግባ፤ ከተከመረ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ሁለት ደቂቃ አትንኩት። ቡናማ ሲል ገልብጡት። ጨው ውሃውን ስለሚያስወጣ መጨረሻ ላይ ይሁን።

ውሃውን አስቀድሞ ከለቀቀ ዝኩኒውን በወንፊት አውጡ፣ የቀረውን ፈሳሽ በከፍተኛ እሳት አፍልታችሁ አድርቁት፣ ከዚያ ዝኩኒውን መልሱት። እንጉዳይም እንዲሁ ነው። ፍሪታታ (አትክልት ያለበት የጣሊያን እንቁላል ጥብስ) የምትሠሩ ከሆነ አትክልቱ ደርቆና በርዶ እንቁላሉ ውስጥ ይግባ፤ አለዚያ እንቁላሉ ሳይዝ ሥሩ ይረጥባል።

ደበርጃኑ ዘይቱን ጠጥቶ ጨረሰ

ደበርጃን ውስጡ በአየር የተሞላ ስለሆነ ዘይቱን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። ቆራርጣችሁ ጨው ነስንሱበትና 30 ደቂቃ ይቀመጥ። የወጣውን ውሃ ጨምቁ፣ በጨርቅ አድርቁ። ዘይቱ በደንብ ሳይግል አታስገቡት። ኦቨን ካላችሁ ደግሞ ዘይት ቀብታችሁ መጋገር ይሻላል። ዘይቱን ሲጨርስ ደግሞ መጨመር ያምራችኋል፤ ታገሡ። ሲበስል አየሩ ወጥቶ ይሟሽሻል፣ ከጠጣውም ይመልሳል።

ፔስቶው ጠቆረ

ፔስቶ ከባዚል ቅጠልና ከዘይት የሚፈጭ አረንጓዴ ማባያ ነው። ቅጠሉ ሲቆረጥ አየር ያጠቁረዋል፤ የብሌንደር ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። የፔስቶ አገር የሆነችው የጄኖቫ ከተማ ሰዎች በሙቀጫ ነው የሚወቅጡት፤ እኛ ቤት ሙቀጫ አይጠፋም። ብሌንደር ከሆነ ማሰሮውን ከነምላጩ ፍሪጅ አስቀምጡ፤ ዘይቱም ይቀዝቅዝ፤ አጭር አጭር አድርጋችሁ ፍጩ። የኛ በሶብላ ከጣሊያኑ ባዚል ጋር አንድ ዝርያ ቢሆንም ሽታው ይበረታል። ግማሹን በቆስጣ ብትተኩት ይስማማል።

የሚኒስትሮኔው ቦሎቄ አልበሰለም፣ ሌላው ሟሙቷል

ሚኒስትሮኔ የጣሊያን የአትክልት ሾርባ ነው። ችግሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ መግባቱ ነው። ቲማቲምም አብሮ ስለገባ አሲዱ ቦሎቄውንና ድንቹን ያጠነክራቸዋል። በከፍታ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። ቦሎቄውን ሌሊቱን ዘፍዝፉ፤ ለብቻው ያለ ቲማቲም በፕሬዠር ኩከር ቀቅሉ። ከዚያ በቅደም ተከተል፦ ሽንኩርትና ካሮት፣ ድንች፣ ድንቹ ሲለሰልስ ቲማቲምና ፎሶሊያ፣ ዝኩኒ፣ መጨረሻ ቆስጣ። ሚላኖች ሩዝ ይጨምሩበታል፣ ጄኖቫዎች ሲያወርዱት አንድ ማንኪያ ፔስቶ። የፓርሜዛን ፎርማጆ ጠንካራ ልጣጭ ካላችሁ አትጣሉት፤ ከመነሻው አብሮ ይፍላ።

ጾም ነው፣ ያለ ፎርማጆ ጣዕም የለውም

ይህን ችግር ደቡብ ጣሊያኖች ቀድመው ፈትተውታል። ፎርማጆ መግዛት የማይችል ቤት የደረቀ ዳቦ ፈርፍሮ በዘይት ይጠብስና ፓስታው ላይ ይነሰንስ ነበር። በደቡብ ጣሊያኗ ፑሊያ ኦሬኪዬቴ የሚባለው ጆሮ መሳይ ፓስታ ከቺሜ ዲ ራፓ ጋር ሲሠራ ዛሬም ብዙዎች ፍርፋሪ ያደርጉበታል። ቺሜ ዲ ራፓ መረር የሚል ቅጠል ነው፤ ከሀበሻ ጎመን ጋር ይዛመዳል። ስለዚህ በጎመናችን መሥራት ይቻላል።

ጎመኑን ግንዱን አውጥታችሁ ክተፉ። ጨው ባለው በሚፈላ ውሃ ውስጥ ለ5 ደቂቃ ቀቅሉት፤ ከዚያ ሳታወጡት መኮሮኒውን እዚያው ጨምሩ። ጎመኑ ጣዕሙን ለውሃው፣ ውሃው ለመኮሮኒው ይሰጣል። መኮሮኒው እንቁላል ያለበት እንዳይሆን ፓኬቱን እዩ። በሌላ መጥበሻ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ሚጥሚጣ አሙቁ፤ ከውሃው አንድ ብርጭቆ አስቀርታችሁ ሁለቱንም አጥልላችሁ እዚያ ላይ አገላብጡ። ፍርፋሪው ግን መጥበሻው ውስጥ አይግባ። እርጥበት ወዲያው ስለሚስብ ሳህን ላይ ከወጣ በኋላ፣ ሰው ሊጎርስ ሲል ይነስነስ።