ንግግሩ አይሰማም፣ ፍንዳታው ቤት ያናውጣል፦ የሆም ቴአትር ስፒከር ችግርና መፍትሄ

ፊልም ከፍታችኋል። ሰዎቹ ሲያወሩ አይሰማም፤ ድምፅ ትጨምራላችሁ። ወዲያው አንድ ነገር ይፈነዳል፤ ጎረቤት እንዳይነቃ ሪሞት ፍለጋ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግድግዳ ተጋርቶ ለሚኖር ሰው ይሄ ትልቅ ጭንቀት ነው። ብዙዎች ስፒከሩ ደካማ ነው ብለው ሌላ ይገዛሉ። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ያላችሁን አስተካክሉ።

በ5.1 ሆም ቴአትር (አምስት ስፒከርና አንድ የባስ ስፒከር ባለው) አብዛኛው ንግግር የሚወጣው ከመሀለኛው ስፒከር ነው። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቡፌ ውስጥ፣ ከብርጭቆና ከፎቶ ኋላ ተወሽቋል። አውጡት። ከቲቪው ሥር፣ ከቡፌው ጠርዝ ጋር እኩል አስቀምጡትና ፊቱን ወደ ጆሯችሁ ቀና አድርጉት። የሆም ቴአትሩ ሴቲንግ ገብታችሁ የእሱን ድምፅ ብቻ 2 ወይም 3 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ጨምሩ። መሀለኛው ጭራሽ ዝም ካለ የቲቪውን የድምፅ ሴቲንግ እዩ። ፒሲኤም የሚባለው አማራጭ ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚልከው ሁለት ቻናል፣ የግራና የቀኝ ድምፅ ብቻ ነው፤ ቢትስትሪም ወይም አውቶ አድርጉት።

አሁንም ንግግሩ ከደበዘዘ ሳሎኑ መሀል ቆማችሁ አጨብጭቡ። ድምፁ ተመልሶ ከጮኸ ጥፋቱ የሴራሚኩና የባዶው ግድግዳ ነው። ከሶፋው ፊት ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉ፣ መስኮቱ ላይ ከበድ ያለ መጋረጃ ስቀሉ። እኔ ብሆን ከአዲስ ስፒከር በፊት ምንጣፉን ነው የምገዛው።

ባሱ የሚያጓራ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሳብዉፈሩ (የባስ ስፒከሩ) ጥግ ላይ ስለሆነ ነው። ጥግ ባስ ያጎላል። ሳብዉፈሩን ለጊዜው የምትቀመጡበት ቦታ ላይ አድርጉና ባስ ያለው ዘፈን ክፈቱ። ወለሉ ላይ ጎንበስ ብላችሁ ዙሩ። ባሱ ጥርት ብሎ የተሰማበት ቦታ የሳብዉፈሩ ቦታ ነው።

ባሱ ከሳሳ ደግሞ የስፒከሮቹን ገመድ እዩ፤ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር።

እምምም የሚል ድምፅ ካለ የዲሽ ገመዱን ንቀሉ። ከጠፋ ምክንያቱ እሱ ነው። ሁሉንም ዕቃ አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። የሶኬቱን የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) ግን በጭራሽ አትቁረጡ፤ ሕይወት የሚያድነው እሱ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ መግዛት ካስፈለገ ካርቶኑ ላይ ያለው ትልቅ የዋት ቁጥር አያታላችሁ። አርኤምኤስ (RMS) የሚለውን፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚሰራበትን ዋት ፈልጉ። ዋቱ እጥፍ ቢሆን እንኳ የሚጨምረው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው። ሻጩንም ዘፈን ሳይሆን ሰው በዝግታ የሚያወራበት ፊልም ክፈትልኝ በሉት።