ረስት ክሎዠርህን አልቀበልም ሲልህ

ረስት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ክሎዠር ማለት ከውጭ ያሉ ቫሪያብሎችን ይዞ መሥራት የሚችል ስም የለሽ ፈንክሽን ነው። ክሎዠሩ ብቻውን ሲሆን ይሠራል። ለሌላ ፈንክሽን ስትሰጠው ግን ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር ይነጫነጫል። ምንም ከመነካካትህ በፊት የስህተቱን ቁጥር እይ።

ኢ0525 ወይም ኢ0507 ካለህ በሽታው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ፈንክሽኑ ኤፍኤን ይፈልጋል፣ ማለትም የያዘውን ሳይለውጥና ሳያስረክብ ደጋግሞ ሊጠራ የሚችል ክሎዠር፤ ያንተ ክሎዠር ደግሞ ከውጭ የያዘውን ነገር፣ እንበል ስም የሚባል ስትሪንግ፣ ድሮፕ አድርጎታል (ጥሎታል) ወይም ለሌላ አስረክቦታል። አንዴ ከእጁ የወጣውን ሁለተኛ ሲጠራ ከየት ያምጣው? ክሎዠሩን መጀመሪያ ቫሪያብል ውስጥ አስቀምጠህ ከላክኸው 0525 ይመጣል፣ እዚያው የፈንክሽኑ ቅንፍ ውስጥ ከጻፍከው ደግሞ 0507። እኔ ጥፋቱ ከክሎዠሩ ፊት የሚጻፈው ሙቭ የሚለው ቃል መስሎኝ እሱን እያጠፋሁና እየመለስኩ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ። ሙቭ ንጹህ ነው! እሱ የሚወስነው ስም ወደ ክሎዠሩ እንዴት እንደሚገባ ብቻ ነው፤ ከገባ በኋላ ፕሪንት ብቻ ካደረግከው ሙቭ ያለበትም ክሎዠር ኤፍኤን ነው። ፈንክሽኑ አንዴ ብቻ የሚጠራው ከሆነ ኤፍኤን የሚለውን በኤፍኤን ዋንስ ተካው። ደጋግሞ የሚጠራው ከሆነ ክሎዠሩ የስምን ክሎን (ቅጂ) ያስረክብ፣ ዋናው እዚያው ይቅር።

ኢ0594 የሚመጣው ክሎዠሩ ቆጣሪ ምናምን ሲጨምር ነው። የፈንክሽኑን ኤፍኤን ወደ ኤፍኤን ሚውት (የያዘውን መለወጥ ወደሚችለው) ቀይረው። ወዲያው ኢ0596 ከተከተለ ከፓራሜትሩ መጠሪያ ፊት ሚውት (መለወጥን የሚፈቅደውን ቃል) ረስተሃል ማለት ነው፣ ጨምርና እለፍ።

ኢ0373 ብዙ ጊዜ ትሬድ ስፖውን (ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ ማስጀመሪያ) ላይ ነው። ትሬዱ ከፈንክሽንህ በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ክሎዠሩ ግን የፈንክሽንህን ቫሪያብል ተውሶ ይዟል። እዚህ ጋ ሙቭ ትክክለኛ መድኃኒት ነው። ዳታውን በኋላም የምትፈልገው ከሆነ አስቀድመህ ክሎን አድርግና ክሎኑን ስጠው፣ ወይም ከረስት 1.63 ጀምሮ ያለውን ትሬድ ስኮፕ ተጠቀም፤ ስኮፑ ትሬዶቹ ሳይጨርሱ ስለማይዘጋ መዋስ ይፈቀዳል።

የመጨረሻው ኢ0308 ነው፣ መጀመሪያ ስታየው ያናድዳል። ሁለት ክሎዠር የሚቀበል ፈንክሽን ጽፈህ ሁለቱንም ኤፍ በሚል አንድ ጄነሪክ (የታይፕ ቦታ ያዥ) አስረሃል። ቃል በቃል አንድ ዓይነት ቢሆኑ እንኳ እያንዳንዱ ክሎዠር የራሱ ታይፕ አለው። ለሁለተኛው ጂ የሚል ሌላ ጄነሪክ ስጠው። ቬክ (ዝርዝር) ውስጥ መደርደር ካማረህ ግን እያንዳንዱን ቦክስ ዳይን ኤፍኤን (የተለያዩ ክሎዠሮችን እንደ አንድ ታይፕ የሚያስቆጥር መጠቅለያ) ውስጥ አስገባ።